ጆሮዬን ልመን ወይስ ጓደኛዬን?

በዚህ አምድ ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አማች ስንጨዋወት ቆይተናል። የዛሬው ጉዳይ ደግሞ ላይ ላዩን ሲያዩት የዕቃ ነው፤ ገለጥ ሲያደርጉት ግን የገንዘብ፣ የቤተሰብና የጓደኛ ነገር ሆኖ ይገኛል። እስቲ አብረን እንየው።

መልእክቱን የላከልኝ የ26 ዓመት ወጣት ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

“አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። የጃፓን አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ የእንጨት እስፒከሮች ትቶልናል። እናቴ ዳንቴል አልብሳ ሳሎን አስቀምጣቸዋለች። ካሴት ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ አቧራቸው ይራገፋል እንጂ አይከፈቱም ነበር። በቅርቡ አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ክሮምካስት ኦዲዮ የምትባል፣ መዳፍ የማትሞላ ክብ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። ከአምፕሊፋየሩ ጋር በገመድ ትገናኛለች፣ ዘፈኑን በዋይፋይ ትቀበላለች፣ እኔ በስልኬ አዛታለሁ። እናቴ የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ በአባቴ እስፒከር ስትሰማ እንባዋ መጣ። ችግሩ የመጣው ጓደኛዬ ቤት የመጣ ዕለት ነው። በድምፅ ነገር አዋቂ ነው። ሁለት ደቂቃ ሰማና ‘ይሄማ ጣሳ ነው! በ35 ዶላር ዕቃ ሙዚቃ ይሰማል እንዴ? ይሄን ሁሉ ኮተት ሽጥና ደህና ሆም ቲያትር ግዛ’ አለኝ። በሚመጣው ወር ዕቁብ ይደርሰኛል። ግማሹ ለእህቴ ኮሌጅ የታሰበ ነው። ጓደኛዬ ካየልኝ ዕቃ ጋር ሳሰላው ግን ለእህቴ የሚተርፍ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፈን በከፈትኩ ቁጥር ጣሳ ጣሳ ይለኛል። ጆሮዬን ልመን ወይስ ጓደኛዬን?”

አያችሁልኝ? ልጁ ደስ ብሎት ይሰማ ነበር። አንድ ቃል ጆሮው ውስጥ ገባችና ሙዚቃው ተበላሸ። ዕቃዋ ያው፣ ዘፈኑ ያው፣ ሳሎኑም ያው! የተለወጠው ምንድነው? እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን “ጣሳ ነው” የሚባል ነገር ሊፈተን እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ መርካቶ የሚሠሩ የቴፕና የአምፕሊፋየር ጠጋኝ ለመንኩ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ቀልድ የማይቸግራቸው ሰው ናቸው። “ጋሼ” እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እዚህም በዚያው ይቆዩልን።

ዕቃዋ ማን ናት?

ክሮምካስት ኦዲዮን ጉግል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ነው ለገበያ ያወጣት። ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር። በጥር 2019 ማምረቱን አቆመ፤ ዛሬ የምትገኘው ያገለገለች ወይም ከድሮ ክምችት የተረፈች ናት። ሥራዋ ቀላል ነው። ዘፈን በኢንተርኔት የሚጓዘው በቁጥር መልክ ነው። ዕቃዋ ቁጥሩን ተቀብላ፣ ውስጧ ባለች አንዲት ቺፕ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ትለውጠዋለች፤ ሞገዱ በገመድ ወደ አምፕሊፋየር ይሄዳል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎለብተዋል፣ እስፒከሩ አየሩን ይነቀንቀዋል። እኛ የምንሰማው የመጨረሻውን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኼን ነው፦ የዕቃዋ ቀዳዳ አንድ ቢመስልም ሁለት ሥራ አለው። ተራ ገመድ ቢሰኩበት ኤሌክትሪክ፣ የኦፕቲካል ገመድ ቢሰኩበት ብርሃን ያወጣል። አምፕሊፋየራችሁ ዘመናዊ ከሆነና የኦፕቲካል መግቢያ ካለው የእሷን ቺፕ ጨርሶ መዝለል ትችላላችሁ።

አንድ ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው። ይቺ ትንሽ ክብ ዕቃ እስከ 24 ቢትና እስከ 96,000 ልኬት ድረስ ትቀበላለች። በወረቀት ላይ እንግዲህ ከሲዲ በላይ እንጂ በታች አይደለችም። ግን ወረቀት አይዘፍንም፤ ስለዚህ ወደ ቤቱ ሄድን።

ጣሳው የት ነበር?

ጋሼ ሳሎኑ ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ። አንድ ዘፈን ተከፈተ። እውነት ለመናገር ጓደኛው ከመሬት ተነስቶ አላወራም! ቤዙ የለም። የዘፋኙ ድምፅ መሐል ላይ መቆም ሲገባው ግራና ቀኝ ይንሳፈፋል። ጋሼ ግን ትንሿን ዕቃ ዞር ብለውም አላዩዋት። ተነሱና ከእስፒከሮቹ ጀርባ አጎነበሱ። “ይሄን ገመድ ማን ነካው?” አሉ።

እናትየው፣ “ሳሎኑ ቀለም ሲቀባ ተነቅሎ ነበር፤ ቀለም ቀቢው ነው መልሶ የሰካው” አሉ።

በቃ፣ ነገሩ እዚያ ጋ ነበር። እስፒከር ቀይና ጥቁር መግቢያ አለው። በአንደኛው እስፒከር ቀዩ በቀይ፣ ጥቁሩ በጥቁር ሲሆን በሌላኛው ተገላብጦ ተሰክቷል። ውጤቱ ምን ይሆናል? አንደኛው እስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላኛው ወደ ኋላ ይስባል። አንዱ የሰጠውን አየር ሌላው ይነጥቀዋል። በተለይ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የሚቀረው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ጣሳው ይኼውና!

ገመዱ ተስተካክሎ ያው ዘፈን እንደገና ተከፈተ። ቤዙ ከወለሉ ተነስቶ መጣ። ዘፋኙ መሐል ላይ ቆመ። እናትየው ዳንቴላቸውን ታቅፈው፣ “አዎ፤ እንዲህ ነበር የሚለው” አሉ። አንድ ሳንቲም አልወጣም።

ይህን ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አምፕሊፋየሩን አጥፉና ገመዱን ከቀይ ወደ ቀይ፣ ከጥቁር ወደ ጥቁር ተከተሉት። የእስፒከሩ ቀለም ከጠፋ ደግሞ የጋሼ ዘዴ አለላችሁ። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ ጫፎቹን ለአንድ አፍታ ብቻ በ1.5 ቮልት ባትሪ ንኩ። ትልቁ የእስፒከር ወረቀት ወደ ፊት ከተገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ቀዩ ነው ማለት ነው። ወደ ኋላ ከተሳበ ተገላብጧል።

አዋቂው ፈተና ላይ

ግን ጥያቄው ገና አልተመለሰም። ገመዱ ስህተት ነበር እንበል፤ ዕቃዋስ ራሷ እንዴት ናት? ለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የጋሼ ሱቅ ተገናኘን። ያ “ጣሳ ነው” ያለው ጓደኛም መጣ። ምስጋና ይግባውና ሳያኮርፍ፣ እየሳቀ ነው የመጣው።

ለፈተና የመረጥነው በገና ነው። ምነው በገና ትሉኝ ይሆናል፤ ስንት ሞቅ ያለ ዘፈን እያለ! ምክንያት አለው። በገና 10 ጅማት አለው፤ ከየጅማቱ ሥር የምትገባ ትንሽ ቆዳ ናት ያንን የሚርገበገብ፣ የሚንዘረዘር ድምፅ የምትሰጠው። በአንድ ጊዜ ከሥር ወፍራም፣ ከላይ ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አሉት። መጥፎ ማጫወቻ ርግብግቡን ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። የዓለሙ አጋን በገና የያዘውን፣ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 11ኛ ሆኖ የወጣውን ሲዲ አገኘን። አንዱን ቅጂ ዋጋው ከትንሿ ዕቃ ብዙ እጥፍ በሆነ የሲዲ ማጫወቻ፣ ያንኑ ሲዲ ሳይጨመቅ ወደ ስልክ ገልብጠን በትንሿ ዕቃ አጫወትን። ሁለቱም በአንድ አምፕሊፋየር፣ በአንድ እስፒከር።

እዚህ ላይ ጋሼ አንድ ነገር አስቀደሙ። ቴስተራቸውን አውጥተው፣ አንድ ወጥ የሆነ ጩኸት አስከፍተው፣ ሁለቱ ማጫወቻዎች በእስፒከሩ ገመድ ላይ የሚሰጡት ቮልት እኩል እስኪሆን ድረስ አስተካከሉ። “ይሄ ካልተደረገ ፈተናው ቀልድ ነው” አሉ። ለምን? ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል! እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ይህን አስለክተው አሳይተዋል። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ከሁሉ በፊት ቤዙን ይጥላል፤ ከፍ ሲል ቤዙ ተመልሶ ይመጣል። ጥቂት ከፍ ያለው ማጫወቻ “ሙሉ” ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ውዱን ዕቃ ሲከፍት እጁ የት እንደምትሄድ እዩ!

ከዚያ ጓደኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የጋሼ ልጅ ሳንቲም እየወረወረ አንዴ ይሄኛውን፣ አንዴ ያኛውን ከፈተ። አሥር ጊዜ። ጓደኛው “ውዱ ነው”፣ “ርካሹ ነው” እያለ መለሰ።

ስንት አገኘ መሰላችሁ? 6 ከ10። ባለ መልእክቱ 5 አገኘ። እኔ 4። ልብ በሉ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ የሚገምት ሰው በአማካይ 5 ያገኛል። በግምት ብቻ 9 ወይም 10 የማግኘት ዕድል ግን ከመቶ 1 ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው 9 ካገኘ “ጆሮ አለህ” ይባላል፤ 6 ካገኘ “ሻይ ጠጣ” ይባላል። ጠጣን።

ሁለተኛው ፈተና ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያንኑ በገና በሴኮንድ 64 ኪሎቢት አድርገን ጨመቅነው፤ ዳታ ለመቆጠብ ብለን አፑን ዝቅ ስናደርግ የምንሰማው ዓይነት መሆኑ ነው። ጓደኛው 10 ከ10! አንድም አልሳተም። እኛም አልሳትንም። ርግብግቡ ውኃ ውስጥ እንደገባ ነገር ሆነ። በ320 ኪሎቢት ሲሆን ግን እንደገና ግምት ውስጥ ገባን። እንግዲህ ያ ልጅ ጆሮ የለውም ማለት አይደለም። ጆሮስ አለው፤ የሚፈርደው ግን በዕቃው ዋጋ ነበር።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይግባ?

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን ልንገራችሁ። የዛሬ ርካሽ ማጫወቻ በአብዛኛው የድምፅ ችግር የሚፈጥረው ክፍል አይደለም። ድምፅ የሚበላሸው ከእሱ በፊት፣ ወይም ከእሱ በኋላ ነው።

ከእሱ በፊት ያለው ምንጩ ነው። የእኛ አገር ዘፈን ደግሞ እዚህ ላይ ጣጣ አለበት። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ሸክላዎች አሉ፤ ከዚያ በኋላ የካሴት ዘመን መጣ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ከምናገኛቸው የድሮ ዘፈኖች ብዙዎቹ አንድ ሰው ቤቱ ካለ ያረጀ ካሴት የገለበጣቸው ናቸው። ሽሽታው አለ፤ አንዳንዴም ቴፑ ፈጥኖ ዘፋኙ ልጅ ይመስላል። ይህን በ35 ዶላርም በ3,500 ዶላርም ብታጫውቱት ያው ነው። መስታወት ፊት አያሳምርም! አንድ ዘፈን “ጣሳ” ካለባችሁ መጀመሪያ ሌላ ቅጂ ፈልጉለት፤ ከሸክላው ወይም ከዋናው ቴፕ በጥንቃቄ ተገልብጦ የወጣ ካለ እሱን ስሙ።

የአፑንም ማስተካከያ እዩ። በሴኮንድ 320 ኪሎቢት በሰዓት 144 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ሲዲ ሳይጨመቅ ቢጓዝ በሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ነው። እኛ ልዩነቱን መስማት ካልቻልን፣ በካርድ ዳታ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ 320ው ይበቃችኋል። 64ቱ ግን ለዜና እንጂ ለበገና አይሆንም።

ከእሱ በኋላ ያለው እስፒከሩና ክፍሉ ነው። እስፒከር ጥግ ውስጥ ከተወሸቀ ቤዙ ያብጣል፤ ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አድርጉት። ትንሿ የቀጭን ድምፅ እስፒከር ከጆሯችሁ ቁመት ጋር ትስተካከል። በሁለቱ እስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእናንተ እስከ እነሱ ያለው ርቀት ቢቀራረብ ጥሩ ነው። ባዶ ሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ያስተጋባል፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይውጠዋል። ጋሼ “ከአዲስ ማጫወቻ በፊት ምንጣፍ ግዙ” የሚሉት ለዚህ ነው።

ዕቃዋን ግን አላመልካትም

ጉድለቷን ብደብቅ ሻጭ እንጂ አማካሪ አልሆንም። አንደኛ፣ ዋይፋይ ከሌለ ድንጋይ ናት፤ ብሉቱዝ አትቀበልም። ብሉቱዝ የምትፈልጉ ሌላ ዓይነት መቀበያ ግዙ፤ ግን ብሉቱዝ የተጨመቀውን ዘፈን እንደገና ጨምቆ የሚልክበት ጊዜ እንዳለ እወቁ። በጥሩ ሁኔታ ላይ ደህና ይሰማል፤ ስልኩን ይዛችሁ ወደ ጓዳ ስትገቡ ግን ይቆራረጣል፣ ስልክ ሲደወልም ዘፈኑ ይቆማል። በትንሿ ዕቃ ከኢንተርኔት ስትሰሙ ዘፈኑን የምትስበው ራሷ ስለሆነች ስልካችሁ ነፃ ነው።

ሁለተኛ፣ ማምረቷ ቆሟል፤ ይሄ ዋናው ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ውስጧ ያለ የዲጂታል ማረጋገጫ ጊዜው አልፎበት በዓለም ዙሪያ ያሉት ክሮምካስት ኦዲዮዎች ድንገት አልሠራ አሉ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ላከላቸው። ያኔ ተነሡ፤ አንድ ቀን ግን አይነሡ ይሆናል። ስለዚህ በስጦታ የመጣችውን ተጠቀሙባት፤ ብዙ ብር አውጥታችሁ ግን አትግዟት። ሱቅ ውስጥ “ብርቅዬ ናት” ብሎ ዋጋ ለሚቆልልባችሁ ሰው “ብርቅነቷን ለራስህ” በሉት።

ሦስተኛ፣ በመቆጣጠሪያው አፕ ውስጥ ድምፁ በሙሉ ስፋቱ እንዲወጣ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። ከትልቅ አምፕሊፋየር ጋር ስታገናኟት ክፈቱት። እንደ ንብ የሚያንጎራጉር ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ቻርጀሩን ወይም የምትሰኩበትን ሶኬት ቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ የ50 ኸርዙ የመብራት ኃይል ነው ሾልኮ የሚገባው። መብራት ሲጠፋማ ርካሹም ውዱም እኩል ናቸው!

እንግዲህ ለአንተ ወንድሜ

ጆሮህን ልመን ወይ ጓደኛዬን ብለሃል። ሁለቱንም እመን፤ ግን ዋጋውን ሳያዩ ሲፈርዱ ብቻ። ጓደኛህ ጣሳ መኖሩን በትክክል ሰምቷል። የተሳሳተው ጣሳው የት እንዳለ ነው፤ ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ጥፋቱን እዚያ ላይ ጫነው። አትጣላው። ለነገሩ እሱ ራሱ ግድግዳ ላይ ዞሮ 6 ካገኘ በኋላ ብዙ አላወራም።

የአባትህን እስፒከር አትሽጥ። ያንተ ብቻ አይደለም፤ የእናትህም ነው፣ እሳቸው ሳይፈቅዱ “ኮተት” ብሎ የሚሸጥ ነገር የለም። ደግሞ ብትጠይቀኝ፣ የሚያድግ እጅ እንኳ ቢኖርህ በስተመጨረሻ የምትለውጠው እስፒከሩን እንጂ ማጫወቻውን አይደለም፤ እሱም ዛሬ አይደለም። ይቺ ዕቃ አንድ ቀን ብትሞት በእሷ ፋንታ ሌላ ርካሽ መቀበያ ትሰካለህ፤ አምፕሊፋየሩና እስፒከሩ ባሉበት ይቀጥላሉ።

ዕቁቡ ሲደርስህ የእህትህን ክፍያ ከሁሉ በፊት ክፈል። ኮሌጅ የምዝገባ ቀን አለው፤ ሆም ቲያትር የምዝገባ ቀን የለውም። ከቀረህ ለሳሎኑ አንድ ምንጣፍ ግዛ፤ ለእናትህም ይሞቃቸዋል፣ ለበገናውም ይበጃል።

ሌሎቻችሁም “ያለህን ጣልና ውዱን ግዛ” የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ቮልዩሙን እኩል አድርጉና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። አሥር ጊዜ ይመልስ። ዘጠኝ ካገኘ ምክሩን ስሙ። ካላገኘ ሻይ ጋብዙት!

የሳምንት ሰው ይበለን። ቸር እንሰንብት!